ከብራና በፊት የነበረ ቃል ኪዳን

ስለ አንድ አገር መመሥረቻ ሰነዶች ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ወረቀት፣ ፊርማና ማኅተም ነው። እንግሊዞች መኳንንቱ በ1215 (እ.ኤ.አ.) ከንጉሥ ጆን የተቀበሉትን ማግና ካርታ፣ አሜሪካውያንም በመስታወት ውስጥ አኑረው የሚያሳዩትን የነጻነት ዐዋጃቸውን ይጠቅሳሉ። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ከፋ፣ ወደ ቦንጋ ይሄዳል። ያለ ወረቀት ለዘመናት የኖረ መንግሥት፣ ወረቀት በበዛበት ዘመን ደግሞ ድምፁን በወረቀት ላይ ሲፈልግ የቆየ ሕዝብ ያለው እዚያ ነውና።

ከፋዎች ንጉሣቸውን «ታቶ» ይሉት ነበር። ታቶው እጅግ የተፈራና የተከበረ ቢሆንም ብቻውን አይገዛም። ከታላላቅ ጎሳዎች የተውጣጡ፣ ሚክረቾ የሚባሉ አማካሪዎች አብረውት ይቀመጣሉ፤ ትልልቁ የመንግሥት ጉዳይ በሸንጎአቸው ያልፋል። ይህ ሥርዓት በአንቀጽ አልተከፋፈለም፤ ነገር ግን ንጉሡም ባላባቱም ያውቁት ነበር። ገዥው ብቻውን ሊሻገረው የማይችለው ወሰን የት እንዳለ ሁሉም የሚያውቅበት ስምምነት ካለ፣ ለእኔ ሕገ መንግሥት ማለት እርሱ ነው።

ያልተጻፈ ሕግ ግን አንድ ትልቅ ድካም አለበት፤ ተሸካሚዎቹ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል። ከዐድዋ ድል ዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ለወራት የተከላከለውን የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ንጉሡ በግዞት ወደ ሸዋ ተወሰደ። ዘውዱም በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ እስከ ስዊዘርላንድ ተጓዘ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝነኛል። ፍሪድሪክ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ወደ ከፋ ገብቶ የወደቀውን መንግሥት ወግና ሥርዓት ጠየቀ፣ መዘገበ። ሥራው በ1920 እና በ1923 (እ.ኤ.አ.) በሁለት ቅጽ ታተመ፤ ቋንቋው ግን ጀርመንኛ ነው። የከፋ ልጅ የአያቶቹን ሕግ በመጽሐፍ ልፈልግ ቢል፣ አስቀድሞ የሰው አገር ቋንቋ መማር ነበረበት።

የተጻፉትስ ሰነዶች? ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ሆኖ ቀረበ፤ ስጦታን ደግሞ ተቀባዩ አይከራከርበትም። የ1948ቱም ሆነ የደርግ ዘመኑ ሕገ መንግሥት ካወጣቸው መንግሥት ጋር አብረው ወደቁ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ባለቤትነቱን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ። አንቀጽ 47 አንድ ሕዝብ የራሱን ክልል እንዲመሠርት ይፈቅዳል፤ ጥያቄው በቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥም ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል። የከፋ ዞን ምክር ቤት ይህንኑ አንቀጽ ይዞ በ2011 ዓ.ም. ጠየቀ። የድምፅ መስጫው ሳጥን የቀረበው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት የተባለው ሦስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መልሱም ከጥያቄው ተለይቶ መጣ፤ ከፋ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ጋር በአንድ ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ክልሉ በይፋ የተመሠረተው በዚያችው በቦንጋ ነው።

ይህን ቀን አላቃልለውም። ታቶው በተማረከ በ124ኛው ዓመት፣ የከፋ ሰው ስለ ራሱ አስተዳደር ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰነዶች የሚነገርለት እንጂ የሚናገር አልነበረም። ሆኖም በአንቀጹና በሳጥኑ መካከል ያለፉትን ዓመታት ስቆጥር፣ ወረቀት በራሱ እግር እንደማይሄድ እረዳለሁ።

እናም የከፋ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረኛል። ሚክረቾ ብራና ቢኖራቸው ኖሮ ሕጋቸው ከሽንፈት በኋላም በልጆቻቸው እጅ ይቆይ ነበር። ብራናው ዛሬ አለ፤ የሚያስፈልገው ገዥውን ፊት ለፊት «ይህ አይሆንም» የሚል ሚክረቾ ነው። በጊምቦ ወይም በዴቻ ያለ ገበሬ በመሬቱ ጉዳይ ሹም ፊት ሲቆም የሚጠቅሰው አንቀጽ ካለውና ሹሙም ሰምቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሰነዱ በእውነት መሠረት ሆኗል። እስከዚያው ድረስ ገና በመጻፍ ላይ ነን።