ገልባጩን ማን ይጠይቀዋል?
(ነገሥታት ከዙፋን ስለሚወርዱበት መንገድ፤ በመጽሐፈ ሳሙኤልና በመጽሐፈ ነገሥት)

ባለፈው ሰሞን ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፦ ንጉሥን ከዙፋን የሚያወርደው ማን ነው? ከመካከላችን በቄስ ትምህርት ቤት ያደገው ጓደኛችን «ሿሚም ሻሪም እግዜር ነው፤ አለቀ» አለ። ሌላው «እግዜር ታንክ የለውም፤ የሚያወርደው ጦሩ ነው» ብሎ መለሰለት። ሳቅን። ሁለቱም ማስረጃ የሚጠቅሱት ከአንድ መጽሐፍ መሆኑን ስናይ ግን ሳቁ ቆመና መጽሐፉ ተገለጠ። ያን ሌሊት መብራት እስኪጠፋ ያነበብነውን፣ በማግሥቱም በቤተ መጻሕፍት ያጣራነውን እነሆ እናቀርባለን። ዓላማችን ለመስበክም ለመንቀፍም አይደለም፤ ጽሑፉን እንደ ታሪክ ተማሪ ለማንበብ ነው።

ከሥሩ እንነሣ። እስራኤል ንጉሥ ባልነበራት ዘመን ሕዝቡ ወደ ሳሙኤል መጥቶ እንደ ሌሎቹ አሕዛብ ንጉሥ እንዲያነግሥለት ለመነ። ሳሙኤል ደስ አላለውም። ንጉሥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዘረዘረላቸው፦ ወንድ ልጆቻቸውን ለሠረገላው፣ ሴት ልጆቻቸውን ለማድ ቤቱ፣ ከእርሻቸው ደኅና ደኅናውን ለሹማምንቱ፣ ከእህላቸው አሥራት እንደሚወስድባቸው አስጠነቀቀ። ስለ ገባርና ስለ ባለጉልት የተማረ ሰው ይህን ዝርዝር ለመረዳት ሌላ መግቢያ አያስፈልገውም። ሕዝቡ ግን አልሰማም፤ ሳኦል ተቀባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዘይቱ ያለው በነቢዩ እጅ እንጂ በንጉሡ እጅ አይደለም። ስለዚህ የቀባ እጅ ሌላም ሊቀባ ይችላል። እንደዚያም ሆነ። ሳኦል ከአማሌቅ ዘመቻ ሲመለስ የጠላቱን ንጉሥ አጋግንና የሰባውን ከብት አስተርፎ በመገኘቱ ሳሙኤል መንግሥቱ ከእሱ እንደ ተወሰደ ነገረው። ከዚያ ወደ ቤተልሔም ሄዶ እረኛውን ዳዊትን ቀባ። አካሄዱ ግን እንዴት ነበር? ሳኦል እንዳይገድለው ፈርቶ፣ ጊደር እየነዳ፣ ለመሥዋዕት የሄደ መስሎ ነው የገባው። የሰማይ ፍርድ የተባለው ነገር በምድር ላይ በድብቅ ነበር የሚጓዘው።

ደግሞስ በማግሥቱ ሳኦል ወረደ? አልወረደም። ዙፋኑም፣ ጦሩም፣ ጦሩን የሚወረውርበት እጁም አብረውት ቆዩ። ዳዊት በበረሃ ተሳደደ። ሁለት ጊዜ ሳኦልን ተኝቶ ወይም ብቻውን አገኘው፤ አንድ ጊዜ በዓይንጋዲ ዋሻ የልብሱን ዘርፍ ቆረጠ፣ ሌላ ጊዜ ከራስጌው ጦሩንና የውኃውን ኮዳ ወሰደ። በተቀባ ሰው ላይ እጄን አላነሣም ብሎ ሁለቱንም ጊዜ ተወው። ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ በጦርነት ከወደቀም በኋላ ዳዊት በመጀመሪያ የነገሠው በይሁዳ ላይ ብቻ ነው፤ በኬብሮን ሰባት ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ። እንግዲህ ከዘይቱ እስከ ሙሉው ዙፋን ድረስ ረጅም መንገድ አለ። መንገዱን የሞላው ደግሞ ጦርነት፣ ስደትና የሽማግሌዎች ስምምነት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሕዝቡ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ሠላሳ ሺህ ሰው በግዳጅ መልምሎ፣ በየወሩ አሥር አሥር ሺህ እየከፈለ፣ በተራ ወደ ሊባኖስ ይልክ እንደ ነበረ ተጽፏል። የግዳጁ ሥራ አለቃ አዶኒራም ይባላል። ሰሎሞን ሲሞት (ከክርስቶስ ልደት በፊት 930 ገደማ) ልጁ ሮብዓም ሊነግሥ ወደ ሴኬም ወጣ። ሕዝቡ «አይነግሥም» አላለም፤ ቀንበሩ ይቅለልልን ብቻ ነበር ያለው። ሮብዓም የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠ። ሽማግሌዎቹ እሺ በላቸው አሉት፤ አብሮ አደጎቹ ግን ጨክንባቸው ብለው መከሩት። የአብሮ አደጎቹን ሰማ። አባቱ በአለንጋ ከገረፈ እሱ በጊንጥ እንደሚገርፍ ነገራቸው።

ሕዝቡ በዳዊት ቤት ድርሻ የለንም ብሎ ተበተነ። ሮብዓም ነገሩን ለማብረድ የላከው ማንን መሰላችሁ? ያንኑ የግዳጅ ሥራ አለቃ! ሰዎቹ በድንጋይ ወግረው ገደሉት፤ ንጉሡም በሠረገላው ዘሎ ወጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። አሥሩ ነገድ ሄዱ። ጸሐፊው በዚህ ሁሉ መሐል ነገሩ ከእግዚአብሔር እንደ ነበረ ይናገራል። ነገር ግን ቀንበሩን፣ ክርክሩንና ድንጋዩን አልደበቀም። የሰማዩ ምክንያት የምድሩን ምክንያት አልሰረዘውም፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የመኝታ ክፍላችን ክርክር ግማሹ እዚህ ላይ መልስ ያገኘ ይመስለናል።

ሦስተኛው መንገድ የጦር ሰፈሩ ነው። የሰሜኑ መንግሥት እስከ 722 ድረስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲቆይ አሥራ ዘጠኝ ነገሥታት ተፈራረቁበት። ከነዚህ ውስጥ ሰባቱ በተኳቸው ሰዎች እጅ ተገደሉ። የሠረገላ ጦር እኩሌታ አዛዥ የነበረው ዘምሪ፣ ንጉሡ ኤላ ሰክሮ ሳለ ገደለውና ነገሠ። የገዛው ሰባት ቀን ነው። ሌላው የጦር አለቃ ሲከበው ቤተ መንግሥቱን በራሱ ላይ አቃጥሎ ሞተ።

ከሁሉም ብዙ የተጻፈለት ኢዩ ነው። የአክዓብ ልጅ ኢዮራም ቆስሎ በኢይዝራኤል ተኝቷል፤ ጦሩ በሬማት ዘገለዓድ ሰፍሯል። ነቢዩ ኤልሳዕ አንድ ወጣት ደቀ መዝሙር ላከ። ወጣቱ መኮንኖች በተቀመጡበት ገብቶ ኢዩን ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠራው፣ ዘይቱን በራሱ ላይ አፈሰሰ፣ በሩን ከፍቶ እግሬ አውጪኝ አለ። መኮንኖቹ ይህ እብድ ምን ፈልጎ ነው ብለው ጠየቁ። ሲነግራቸው ግን አንድም አላመነታም፤ ልብሳቸውን በደረጃው ላይ አንጥፈው ቀንደ መለከት ነፉ። ዘይቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዙፋኑን ያስጨበጠው የመኮንኖቹ ልብስ ነው።

ኢዩ ሠረገላውን እንደ እብድ እየነዳ ሄዶ ኢዮራምን በቀስት ገደለ፤ ሬሳውም አክዓብ በግፍ በወሰደው በናቡቴ እርሻ ላይ ተጣለ። እስከዚህ ድረስ ፍትሕ ይመስላል። የተነጠቀው የድሀ መሬት ደሙን አስከፈለ እንላለን። ግን ኢዩ አላቆመም። ኤልዛቤልን ከመስኮት አስወረወረ። በሰማርያ ላሉት የአክዓብ ልጆች አሳዳጊዎች ደብዳቤ ጻፈ፤ የሰባ ልጆች ራስ በቅርጫት ተላከለት። በኢይዝራኤል ከተማ በር ላይ በሁለት ክምር አስከመረው። ሲነጋ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ጌታዬን የገደልሁ እኔ ነኝ፣ እነዚህንስ ማን ገደላቸው ብሎ ጠየቀ። ይህን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። ደሙን ለሁሉም ማካፈሉ ነው! ከዚያም የይሁዳን ንጉሥ አርባ ሁለት ዘመዶች አሳረደ።

መጽሐፈ ነገሥት ኢዩን ያመሰግነዋል፤ ልጆቹ እስከ አራተኛ ትውልድ እንደሚነግሡም ቃል ተገባለት። መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግን ነቢዩ ሆሴዕ ተነሥቶ፣ በኢይዝራኤል ስለ ፈሰሰው ደም የኢዩ ቤት እንደሚጠየቅ ተናገረ። ያው ደም፣ ያው ከተማ! ብዙ ሳይቆይ የኢዩ ቤት አራተኛ ትውልድ ስድስት ወር ብቻ ገዝቶ በሰሎም እጅ ተገደለ። በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያው ድርጊት ምስጋናም ክስም ተጽፎበታል። የቅዱሱን መጽሐፍ አዘጋጆች እናደንቃለን፤ አንዱን ድምፅ ለማስማማት ሲሉ ሌላውን አልፋቁትም።

ድንጋዮችም ስለ ኢዩ የሚሉት አለ። በ1846 እ.ኤ.አ. በነምሩድ ተቆፍሮ የወጣውና ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ጥቁር ሐውልት፣ ኢዩ ወይም መልእክተኛው በአሦሩ ንጉሥ በሦስተኛው ስልምናሶር እግር ሥር ተደፍቶ ግብር ሲያገባ ያሳያል፤ ግብሩ የ841 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ባገሩ ሰው ሁሉን ያንቀጠቀጠው ገልባጭ ውጭ ሲወጣ ግንባሩን መሬት አስነካ። በ1993ና በ1994 እ.ኤ.አ. በቴል ዳን የተገኘው የአራማውያን ጽሑፍ ደግሞ፣ ስሞቹ የተሰባበሩ ቢሆኑም፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚያነቡት ኢዮራምን የገደልሁ እኔ ነኝ የሚለው የአራም ንጉሥ ነው። ገዳይነት እንኳ የሚሻሙበት ክብር ነበር ማለት ነው።

አራተኛውን መንገድ በይሁዳ እናገኛለን። ንግሥት ጎቶልያ የንጉሡን ዘር ፈጅታ ነገሠች። ሕፃኑን ኢዮአስን አክስቱ ከሞግዚቱ ጋር ደብቃ፣ በቤተ መቅደስ ስድስት ዓመት ተሸሸገ። በሰባተኛው ዓመት ካህኑ ዮዳሄ የመቶ አለቆችን ጠርቶ አማላቸው፤ በሰንበት ዘበኛ በሚለዋወጥበት ሰዓት ዘቡን ሦስት ቦታ ከፍሎ ሕፃኑን አነገሠ። ጎቶልያ ተገደለች። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፦ ዮዳሄ በእግዚአብሔር፣ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል፣ እንዲሁም በንጉሡና በሕዝቡ መካከል ቃል ኪዳን አደረገ። አዲሱ ንጉሥ ገና ሳይነግሥ በውል ታሠረ። ውሉ ግን ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። ዮዳሄ ከሞተ በኋላ ኢዮአስ የገሠጸውን የዮዳሄን ልጅ ዘካርያስን በቤተ መቅደሱ አደባባይ አስወገረው፤ እሱንም የገዛ አገልጋዮቹ በአልጋው ላይ ገደሉት።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኛ መንግሥት ራሱን ከዚሁ መጽሐፍ ጋር አስሮ ኖሯል። የ1948 ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይመዝዛል፤ በተቀበሉት ቅብዐ መንግሥትም ምክንያት አካላቸው ቅዱስ፣ ሥልጣናቸው የማይነካ መሆኑን ይደነግጋል። ዘይቱ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ መኳንንቱ የገቡት መሐላ ስለ ከበዳቸው፣ አቡነ ማቴዎስ እንዲፈቱላቸው ነበር የጠየቁት። መስከረም 2 ቀን 1967 ግን ማንም የመሐላ ፍቺ አልጠየቀም፤ መኮንኖች ገብተው የመሻሪያውን አዋጅ አነበቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በቮልስዋገን ተወሰዱ። ለውጡ ያለ ደም ተፈጸመ ተባለ። ከ72 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 14፣ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ይህን ስናስብ የኢይዝራኤልን በር አለማስታወስ አልቻልንም።

ታዲያ የመጽሐፉ ፍርድ ምንድን ነው? ንጉሥ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥርጥር የለም። ከሳኦል እስከ ወላዲተ አምላክ ማርያም ጸሎት ድረስ የኃያላን ከዙፋን መውረድ ያልተነገረበት ቦታ የለም። ግፈኛ በዘይቱ አይድንም። እኛን ያስደነቀን ግን ሌላው ነው፦ የወረደውን የጠየቀው አፍ፣ ያወረደውንም ይጠይቀዋል። የናቡቴ ደም አክዓብን ከሰሰ፤ የኢይዝራኤል ደም ኢዩን ከሰሰ። ለአንዱ የሚሠራ ሚዛን ለሌላው ካልሠራ ሚዛን አይደለም።

ጓደኞቻችን ዛሬም አልተስማሙም። አንዱ «እግዜር» ይላል፣ ሌላው «ጦሩ»። እኛ ግን ጥያቄውን ለውጠን ልንጠይቃቸው እንወዳለን። ማን አወረደው የሚለው ይቆየን፤ ያወረደው ሰው በማግሥቱ ጠዋት በከተማው በር ላይ ምን አስከመረ? እናንተስ፣ አንባቢዎቻችን፣ በዚያ ጠዋት በበሩ ብታልፉ ምን ትሉ ነበር?