የቤል መንደር ውሃ

ማንኪለር የሚለው ስም ሲፈታ «ሰው ገዳይ» ማለት ነው። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በቼሮኪዎች ዘንድ ግን በጥንት ዘመን መንደር ለሚጠብቅ የጦር ሰው ይሰጥ የነበረ ማዕረግ ነው። ውሎ አድሮ የቤተሰብ ስም ሆነና ወይዘሮ ዊልማ ማንኪለር ዘንድ ደረሰ። እኚህ ሴት መንደር የጠበቁት በውሃ ቧንቧ ነው።

ቼሮኪዎች እኛ «ቀይ ሕንዶች» እያልን ከምንጠራቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ናቸው። በ1838 እና በ1839 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት ከደቡብ ምሥራቅ አገራቸው ነቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር በወታደር ነዳቸው። ከተነዱት 16 ሺህ ያህል ሰዎች 4 ሺህ የሚሆኑት እንዳለቁ ይገመታል። ጉዞው እስከ ዛሬ «የእንባ መንገድ» ይባላል።

ዊልማም ከመነቀል አላመለጡም። በ1945 በኦክላሆማ ተወለዱ፤ በ1956 ነባር ሕዝቦችን ከገጠር ወደ ከተማ በሚያሰፍር የመንግሥት መርሐ ግብር ቤተሰባቸው ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። የታሰበው ሰፋሪዎቹ ከከተሜው ጋር ተቀላቅለው ማንነታቸውን እንዲረሱ ነበር። ዊልማ ግን ይበልጥ አስታወሱ። በ1969 ወጣት ነባር አሜሪካውያን የአልካትራዝ ደሴትን ሲይዙ ከደጋፊዎቹ አንዷ ሆኑ። ኋላም በኦክላንድ ለነባር ሕዝቦች ልጆች የተቋቋመ የወጣቶች ማዕከል መሩ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ።

በዚያ የጠበቃቸው ትልቁ ሥራ ቤል የምትባል የገጠር መንደር ነበረች። የነዋሪዎቿ መግባቢያ ይበልጡን ቼሮኪኛ ሲሆን፣ በርካታ ቤቶች የቧንቧ ውሃ አልነበራቸውም። በአካባቢው የመንደሯ ሰው ሥራ አይወድም እየተባለ ይታማ ነበር። በ1981 ዊልማ ቋንቋውን አቀላጥፈው ከሚናገሩት ከቻርሊ ሶፕ ጋር ሆነው ነዋሪዎቹን ሰብስበው ከሁሉ በፊት የሚፈልጉትን ጠየቁ። መልሱ ውሃ ሆነ።

ስምምነቱም ግልጽ ነበር፦ ገንዘቡንና የባለሙያ ምክሩን ዊልማ ያፈላልጋሉ፣ ጉልበቱን መንደሩ ያዋጣል። ቼሮኪዎች እንዲህ ያለውን የትብብር ሥራ «ጋዱጊ» ይሉታል፤ ደቦ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ቤተሰቦች መስመሩን ተከፋፍለው ሴት ወንድ ሳይባል ቆፈሩ። ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተቀበረ፤ ውሃውም ቤታቸው ገባ።

መንግሥት ሠራተኛ ቀጥሮ ቢያስቆፍር ኖሮም ውሃው መምጣቱ አይቀርም ነበር። ሐሜቱ ግን ባልተሻረ። ሰነፍ የተባለው ሕዝብ ጤናውን የሚጠብቅለትን ውሃ ከአያቶቹ በወረሰው ልማድ አስገባ።

በ1983 ዊልማ ለምክትል መሪነት ሲወዳደሩ «ሴት እንዴት ትመራናለች» ባዮች ተነሱባቸው፤ የመኪናቸው ጎማ ሳይቀር ተቀደደ። በጥንቱ ቼሮኪ ዘንድ ግን የዘር ሐረግ የሚቆጠረው በእናት ነበር፤ ሴቶችም በሕዝቡ ጉዳይ ድምፅ ነበራቸው። ስለዚህም ዊልማ የባህል ጥሰት አልነበሩም። በ1985 ዋናውን መሪነት ከቀድሞው መሪ ተረከቡ፤ በ1987 ደግሞ በምርጫ አሸንፈው ለዚህ ሥልጣን የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1990 ከወንድማቸው የተለገሰ ኩላሊት ተተክሎላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1991 ከመራጩ 80 ከመቶ በላይ ድምፅ አገኙ። በ1995 ሥልጣን ለቀቁ፤ በ2010 አረፉ። በስቲልዌል ከተማ የሚገኘው የቼሮኪ ኔሽን ጤና ማዕከል በስማቸው ይጠራል።

በ2022 የአሜሪካ መንግሥት ምስላቸውን በ25 ሳንቲም ላይ ቀረጸ። በሳንቲሙ ላይ የሕዝባቸው ስም የተጻፈው ሴኮያ የተባለ ቼሮኪ በ1821 ባወጣው የቼሮኪ ፊደል ነው። አያቶቻቸውን በወታደር የነዳው፣ እሳቸውንም በልጅነታቸው ከተማ ያሰፈረው ያው መንግሥት ነበር።