ከሲዲ እስከ ፍላሽ፦ የሊኑክስ ማኅደርና የዲላ መንገድ

በሊኑክስ ላይ በተመሠረተ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሶፍትዌር የሚጫነው ከአንድ የጋራ ማኅደር ነው። ዴቢያንም ሆነ ከእሱ የተገኙት ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የጽሑፍ ማዘጋጃውን፣ የኢንተርኔት ማሰሻውን፣ የፊደል ቅርጹን፣ የሲስተሙን እምብርት ሳይቀር በየጥቅሉ አሰናድተው በአንድ ቦታ ያኖራሉ። ተጠቃሚው የጥቅሉን ስም ይጠራል፤ ማሽኑ ያመጣዋል፣ ይጭነዋል፣ ከዚያም እያደሰ ያቆየዋል። ይህ አሠራር ማሽኑና ማኅደሩ በፈለጉ ጊዜ ይገናኛሉ ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ለምትገኘው ዲላና ለጌዴኦ ዞን ወረዳዎች ግን ዋናው ችግር ይኸው ግንኙነት ሆኖ ቆይቷል። በዚህ አካባቢ የነፃ ሶፍትዌር ታሪክ ሲነሣ ከፕሮግራሞቹ ይልቅ የሚመጡበት መንገድ የሚያመዝነው ለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅደሩ ከመጀመሪያው አልነበረም። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የጂኤንዩን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አስታወቀ፤ በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን እምብርት ለሌሎች ክፍት አደረገ። በዚያ ዘመን ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ምንጭ ኮዱን አምጥቶ በገዛ ማሽኑ ኮምፓይል ያደርግ ነበር። ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸው ሌሎች የኮድ ስብስቦች ከጎደሉ ሥራው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ የጎደለውን ፈልጎ ማምጣትም የባለቤቱ ፈንታ ነው። ኢያን መርዶክ በኦገስት 1993 ዴቢያንን ሲመሠርት የብዙ በጎ ፈቃደኞችን ሥራ በአንድ ደንብ ማሰባሰብ ፈልጎ ነበር። በ1994 የተሠራው ዲፒኬጂ የተባለ መሣሪያ እያንዳንዱ ጥቅል ምን ፋይሎች እንደያዘ፣ የት እንዳስቀመጣቸውና ምን እንደሚያስፈልገው መመዝገብ ጀመረ። ከዚህ በኋላ የተጫነን ነገር ያለ ቅሪት ማንሳት ተቻለ።

ዲፒኬጂ ግን የጎደለውን ይናገራል እንጂ አያመጣም። ይህን ክፍተት የሞላው በማርች 1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የወጣው አፕት ነው። አንድ ፕሮግራም ሲጠየቅ አፕት የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎች ሁሉ ይቆጥራል፣ በቅደም ተከተል ያወርዳል፣ ለዲፒኬጂ ያስረክባል። መላውን ሲስተም ከአሮጌው እትም ወደ አዲሱ ማሻገርም ፎርማት ሳይደረግ የሚከናወን ሥራ ሆነ። ዛሬ በስልክ ላይ አንድ ቁልፍ ተነክቶ አፕ ሲጫን የሚታየው ምቾት በነፃ ሶፍትዌር ዓለም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ለዚህ የሠሩት ሰዎች አብዛኛዎቹ ክፍያ እንዳልነበራቸው ማስታወስ ተገቢ ነው።

ዲላ ላይ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የተከፈተው በ1996 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ዴቢያን 1.1 የያዘው 474 ጥቅል ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ኮሌጁ በ2000 ከተመሠረተው የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠቃለለ፣ በ2006 ደግሞ ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በእነዚያ አሥር ዓመታት ማኅደሩ በሚያስደንቅ ፍጥነት አደገ፤ በ2005 የወጣው ዴቢያን 3.1 ከ15,000 በላይ ጥቅሎች ነበሩት። የስልክ መስመሩ ግን በዚያ ፍጥነት አላደገም። በሴኮንድ 56 ኪሎ ቢት በሚያስተላልፍ የስልክ ኢንተርኔት 700 ሜጋባይት የሚይዝ አንድ ሲዲ ለማውረድ መስመሩ ለአፍታ ሳይቋረጥ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ይፈጃል። ዴቢያን 3.1 ደግሞ ሙሉውን ለሚፈልግ ከአሥር በላይ ሲዲ ነበር።

መፍትሔው በፖስታ መጣ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል የኡቡንቱን የመጀመሪያ እትም በኦክቶበር 2004 ካወጣ በኋላ፣ ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ የታተመ ሲዲ የፖስታ ወጪውን ራሱ ችሎ ወደ ማንኛውም አገር ይልክ ነበር። ፖስታ በቤት ቁጥር ሳይሆን በፖስታ ሣጥን በሚደርስበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አድራሻው የዩኒቨርሲቲ፣ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ሣጥን ከሆነ ኢንተርኔት የሌለው ሰው እንኳን ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በእጁ ሊያስገባ ቻለ። ከጁን 2006 ወዲህ አንዱ ሲዲ ለመሞከሪያም ለመጫኛም አገለገለ፤ ተማሪ የተቋሙን ኮምፒውተር ሳይነካ ከሲዲው አስነሥቶ ማየት፣ ከወደደው በራሱ ማሽን ላይ መጫን ይችል ነበር። አፕትም ሲዲውን እንደ ማኅደር የመመዝገብ ችሎታ ስለነበረው፣ መስመር ባይኖርም ሲዲው ላይ ያለውን ሁሉ በዚያው ደንብ ይጭናል። እንዲህ ያለ አሠራር ሩቅ ያለውን ተጠቃሚ ያሰበ ነበርና ሊመሰገን ይገባዋል።

ከሲዲው ቀጥሎ የመጣው ፍላሽ ነው። አፕት ያወረዳቸውን ጥቅሎች በማሽኑ ውስጥ በሚገኝ አንድ አቃፊ ያስቀምጣል። ኔትወርክ ያለበት ኮምፒውተር አንዴ ካወረደ ጥቅሎቹ በፍላሽ ተገልብጠው ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋጨፌ ወይም ወደ ቡሌ ሊሄዱና ተመሳሳይ እትም ባለው ሌላ ማሽን ላይ ሊጫኑ ይችላሉ። በኋላ የመጣው አፕት ኦፍላይን የተባለ መሣሪያ ይህንኑ ሥርዓት አስያዘው፦ ኔትወርክ የሌለው ማሽን የሚፈልጋቸውን ጥቅሎች ዝርዝር ጽፎ ይሰጣል፣ ኔትወርክ ያለው ማሽን በዝርዝሩ መሠረት ያወርዳል፣ የወረደው ተመልሶ ይጫናል።

እዚህ ላይ የእምነት ጥያቄ ይነሣል፤ በብዙ እጅ ያለፈ ፍላሽ እንዴት ይታመናል? መልሱ በ2007 ከወጣው ዴቢያን 4.0 ጀምሮ የአፕት አካል በሆነው የዲጂታል ፊርማ ምርመራ ውስጥ ነው። የማኅደሩ ኃላፊዎች በአንድ አጭር ዝርዝር ላይ ይፈርማሉ፤ ዝርዝሩ የጥቅሎቹን መዝገብ አሻራ ይይዛል፤ መዝገቡ ደግሞ የእያንዳንዱን ጥቅል አሻራ ይይዛል። በመሐል አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው አይገጥምም፣ አፕትም አይቀበልም። ማኅተሙ ያልተፈታ የይርጋጨፌ ቡና ጆንያ የትኛው መኪና እንዳመጣው ሳይጠየቅ እንደሚታመን፣ ፊርማው የተሟላለት ማኅደርም በምን እንደተጓዘ አያሳስብም። ጥንቃቄ የሚሻው ነጠላ ጥቅል ከፍላሽ ላይ በቀጥታ በዲፒኬጂ ሲጫን ነው፤ በዚያ መንገድ ፊርማው አይመረመርም።

ይህ ሁሉ የሆነው ሌላ ልማድ በሰፈነበት አገር ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ኮምፒውተር ሲያስቸግር ባለቤቱ ወደ ጥገና ቤት ወስዶ ፎርማት ያስደርጋል፤ ዊንዶውስና የተለመዱት ፕሮግራሞች፣ አብዛኛውን ጊዜ ክራክ የተደረጉት፣ በአንድ ቁጭታ ይጫናሉ። ፈቃድ እንደሌለው እንዳይታወቅ አፕዴቱን ማጥፋት የተለመደ ነበር። አፕዴት የማያገኝ ማሽን ደግሞ ለቫይረስ የተጋለጠ ነው፤ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር ከመሠራጫ መንገዶቹ አንዱ ፍላሽ ነበር። ለዊንዶውስ የተጻፉት የፍላሽ ቫይረሶች በሊኑክስ ላይ ስለማይሠሩ፣ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኡቡንቱን መጀመሪያ ያወቀው በቫይረስ የተደበቁ ፋይሎችን ለማትረፍ ከሲዲ በማስነሣት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር በነፃ ከሚገለበጥ ሶፍትዌር ጋር ሲወዳደር የዋጋ ብልጫ አይኖረውም። ሊኑክስ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያልተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከቫይረስ ይልቅ ጥገናን የሚፈትነው የመብራት መጥፋት ነው። ሶፍትዌር እየተጫነ ሳለ መብራት ቢሄድ ማሽኑ ግማሽ ሥራ ይዞ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊኑክስ ይጠቀምበት የነበረው ኢኤክስቲ2 የተባለ የፋይል አደረጃጀት በድንገት ከጠፋ በኋላ ሲነሣ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሽ ነበር፤ ትልቅ ዲስክ ከሆነ ጊዜ ይፈጃል፣ ፍተሻው ሳያልቅ መብራት ዳግም ሊጠፋ ይችላል። በ2001 መጨረሻ ወደ እምብርቱ የገባው ኢኤክስቲ3 ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚጽፍ ፍተሻውን በአብዛኛው አስቀረው። የዲፒኬጂ አሠራርም ለእንዲህ ዓይነቱ አገር የታሰበ ይመስላል። እያንዳንዱ ጥቅል ከተፈታ በኋላ፣ ከተዋቀረ በኋላ፣ ሁኔታው ይመዘገባል፤ አዲሱ ፋይል መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍና ሲጠናቀቅ የአሮጌውን ቦታ ይይዛል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ሥራው እንደተቋረጠ ይናገራል፣ የሚሰጠውንም ትዕዛዝ ራሱ ይጠቁማል፤ ትዕዛዙ ያልተዋቀሩትን ጥቅሎች በሙሉ ፈልጎ ያዋቅራል። ኔትወርክ ሲቋረጥም አፕት የወረደውን ከፊል ፋይል ስለሚይዝ በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል። የሊኑክስን ጥገና የሚማር ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች ቢያውቅ ብዙ ፎርማት ማድረግ ይቀርለታል።

በፊደል በኩል የነበረው ችግር የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ነበርና መፍትሔውንም ያመጡት በአብዛኛው ኢትዮጵያውያንና የግዕዝ ፊደል ወዳጆች ናቸው። በ1990ዎቹና ከዚያም በኋላ በመሥሪያ ቤቶች ይሠራባቸው የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች አማርኛውን ለላቲን ፊደል በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡት ነበር። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ የፊደል ቅርጹ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሲሰጥ መሠረቱ ተጣለ። ከዚያ በኋላ የቀረው በነፃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ማስገባት ነበር። በዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2003 የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የሌሎችም ቋንቋዎች የቀን፣ የወርና የቁጥር አጻጻፍ መረጃዎች በሊኑክስ የጋራ የኮድ ስብስብ ውስጥ እንዲካተቱ አደረገ። ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው አቢሲኒካ የተባለ የፊደል ቅርጽም በዴቢያን ማኅደር ገባ። በፌብሩዋሪ 2009 የወጣው ዴቢያን 5.0 የመጫኛ ፕሮግራሙን በአማርኛ አቀረበ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በአማርኛ እያነበቡ መጫን የተቻለው ያኔ ነው። በደመወዝ ያልታዘዘ፣ በፍቅር የተሠራ ሥራ ነው። አሮጌዎቹን ደብዳቤዎች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግን ለየቢሮው ቀርቷል፤ ይህ ካልተደረገ ሊኑክስን በጽሕፈት ሥራ ላይ ማዋል ያስቸግራል።

ከዚያ ወዲህ መስመሩ ተሻሽሏል፤ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በኢተርኔት በተባለው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ እንዲተሳሰሩ ተደርጓል፣ ስልክም ላፕቶፕን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ሆኗል። ሌሎች ችግሮች ግን መጡ። በአንድ እትም ላይ የቀረ ማሽን ድጋፉ ሲያበቃ ማኅደሩ ወደ አሮጌ እትሞች ማከማቻ ይዛወርበታል፤ አፕት በቀድሞው አድራሻ ምንም አያገኝም፣ አድራሻው በእጅ ካልተለወጠም ከማኅደሩ አንድ ጥቅል እንኳን አያወርድም። ረጅም ድጋፍ ያለውን የኡቡንቱ እትም መምረጥ ከከተማ ራቅ ላለ ትምህርት ቤት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ከ2012 ወዲህ እነዚህ እትሞች ለአምስት ዓመት ይታደሳሉ። ሁለተኛው ችግር የማሽኑ ዕድሜ ነው። ኡቡንቱ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች የዴስክቶፕ መጫኛ ማውጣት አቁሟል፣ ዴቢያንም በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ተከትሎታል፤ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ያሉት ትምህርት ቤት በቀደመው እትም ላይ ይቀራል። ሦስተኛው በ2016 የመጣው ስናፕ የተባለ አጠቃለል ነው። ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ስለሚይዝ መጠኑ ይተልቃል፣ ካልታገደም በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን እየጠየቀ ራሱን ያድሳል። ኡቡንቱ በኤፕሪል 2022 ፋየርፎክስን በዚህ መንገድ ብቻ ማቅረብ ጀመረ። በሜጋባይት ለሚከፍል ተጠቃሚ ይህ ወጪ ነው፤ ዴቢያንና ሊኑክስ ሚንት ቀድሞ በነበረው አጠቃለል ስለቀጠሉ ለእሱ የተሻሉ ናቸው።

በጌዴኦ ዞን ዛሬ ለተጠቃሚው ትልቁ ጉድለት በማኅደሩ ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ከ64,000 በላይ ጥቅሎች ሲኖሩት፣ ከሲዳምኛ ጋር በቅርብ የሚዛመደው የጌዴኦ ቋንቋ፣ ጌዴኡፋ፣ ግን በሊኑክስ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጌዴኡፋ ተናጋሪ ኮምፒውተሩን ሲያዋቅር ከአማርኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወይም ከጎረቤቶቹ ቋንቋዎች አንዱን ይመርጣል። የሚያስፈልገው የሳምንቱን ቀናትና የወራትን ስም፣ የቀንና የቁጥር አጻጻፍን፣ የ“አዎ” እና የ“አይደለም”ን ቃል የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ለሲዳምኛ የተሠራው ፋይል እንደ አብነት ሊያገለግል ይችላል፣ ፋይሉን አዘጋጅቶ መላክም ለማንም ክፍት ነው። ፋይሉ ተመርምሮ ከጸደቀ ወደ ጋራው የኮድ ስብስብ ይገባል፣ ከዚያም በቀጣዩ እትም፣ በኔትወርክም ሆነ በፍላሽ፣ ሲስተሙን ወደሚጠቀም ማሽን ሁሉ ይደርሳል።