ቡና ሀራም ተብሎ በነበረበት ዘመን

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ቡናችሁን ያልኩት በምክንያት ነው።

ባለፈው ሰሞን ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ቤቴ መጥተው ነበር። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። አስረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ወሬው ወደ ባንክ ወለድ ዞረ። አንደኛው "ቁርኣኑ ግልጽ ነው፤ ዑለማዎቹ ከሺህ ዓመት በፊት ጨርሰውታል፤ እኛ የምንጨምረው ነገር የለም" አለ። ሌላኛው "የድሮ ፊቅህ ለድሮ ሰው ነው፤ ዘመኑ ተለውጧል፤ እያንዳንዱ ሰው አንብቦ በራሱ ጭንቅላት ይወስን" አለው። ቃል ቃልን ወለደና በመጨረሻ አንደኛው በሙስሊሞች መካከል በቀላሉ የማይባለውን ቃል ተናገረ። ጓደኛውን "ካፊር" አለው። ያኛው ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

እኔ ዓሊም አይደለሁም። ፈትዋ መስጠት አልችልም፣ አይገባኝምም። የታሪክ መምህር ነኝ። ግን ልጁ ጥሎት የሄደውን ግማሽ ሲኒ ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለቱ የተጣሉበት ያ ቡና ራሱ አንድ ጊዜ መካ ውስጥ ሀራም ተብሎ ሰው ተገርፎበታል። ያን ቀን ለመናገር ፋታ አልነበረም፤ አሁን ልጻፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከየመን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊት ዚክር ሲያደርጉ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ቡና ይጠጡ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ የተባለ ጸሐፊ ስለ ቡና መፈቀድ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። እሱ እንደሚያወሳው ቡናን ኤደን ውስጥ ካስለመዱት አንዱ በ1470 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የሞቱት ሙፍቲ አል-ዘብሓኒ ናቸው። ሰውየው በሆነ ጉዳይ ከኤደን ወጥተው ባሕሩን ተሻግረው ወደኛ ወገን፣ ወደ አፍሪካው ጠረፍ መጥተው ቆዩ። እዚያ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አዩ። ተመልሰው ኤደን ሲታመሙ ትዝ ብሏቸው ጠጡትና ተሻላቸው። ከዚያ ለሌሎቹ ሱፊዎች አስተማሩ። እንግዲህ ቡናው ከኛው ሰፈር ሄዶ ነው እዚያ ክርክር ውስጥ የገባው።

አሁን ወደ መካ እንሂድ፤ ዓመቱ 1511 ነው። መካ ያኔ በግብፅ ማምሉኮች ሥር ነበረች። ገበያንና ሥነ ምግባርን የሚቆጣጠረው ሹም ኻይር ቤግ ይባላል። አንድ ሌሊት ከመስጊዱ አቅራቢያ የተወሰኑ ሰዎች ፋኖስ አብርተው፣ ጽዋ እየተቀባበሉ ሲጠጡ አየ። ሲጠጋቸው ፋኖሱን አጠፉ። ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ቡና ነው አሉት።

ኻይር ቤግ በማግስቱ ዑለማዎችን ሰበሰበ። ቡናው በዕቃ ተሞልቶ እንደ ተከሳሽ መሐላቸው ተቀመጠ። ዑለማዎቹ ስለ ስብሰባው ጥርጥር አልነበራቸውም። ሌሊት ተሰብስቦ፣ እንደ መጠጥ ቤት ጽዋ እያዞሩ መጠጣት ነውር ነው አሉ። ስለ ቡናው ራሱ ግን እንዲህ አልቸኮሉም። በሸሪዓ የምድር ተክል በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ ሀራም የሚሆነው አካልን ወይም አእምሮን ሲጎዳ ነው። ይጎዳል ወይ የሚለውን ደግሞ የሚያውቀው ሐኪም ነው አሉ። ሁለት ሐኪሞች መጡና ይጎዳል ብለው መሰከሩ። ሌሎችም አእምሯችንን ለውጦታል የሚሉ ተነሱ። እንደሚተረከው ከመስካሪዎቹ አንዱ "ልክ እንደ ወይን ጠጅ ያሰክራል" ሲል ተሰብሳቢው ሳቀ። ወይኑን ቀምሶት ካላወቀ በምን አወዳደረው? ሰውየው መቅመሱን አመነና ቅጣቱን ተቀበለ።

በዚያ ስብሰባ ላይ ብይኑን የተቃወሙ አንድ ሙፍቲ ነበሩ፤ በዚህ ምክንያት ክፉኛ ተዘለፉ ይባላል። ብይኑ ታወጀ። በየመንገዱ ቡና ተቃጠለ፣ ሻጩም ጠጪውም ተገረፈ። ነገር ግን ከካይሮ፣ ከሱልጣን ቃንሱህ አል-ገውሪ የመጣው ምላሽ ኻይር ቤግ እንዳሰበው አልነበረም። ክልከላው በስብሰባዎቹ ላይ እንጂ በቡናው ላይ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ኻይር ቤግም ከሹመቱ ተነሳ፤ የመካ ሰው ወደ ቡናው ተመለሰ።

ተማሪ ብትሆኑ ኖሮ እዚህ ላይ ጠመኔውን አስቀምጬ እጠይቃችኋለሁ፦ ቁርኣን ውስጥ ቡና የሚል ቃል አለ? የለም። ታዲያ ስለ ምን ነበር የተከራከሩት?

ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 90 የሚከለክለው ኸምርን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ የሚያሰክር ነገር ሁሉ ከኸምር እንደሚቆጠር አስተምረዋል። ስለዚህ የኋላ ዑለማዎች አዲስ ነገር ሲመጣባቸው የሚጠይቁት "ስሙ ተጽፏል ወይ?" ብለው አይደለም። "የተከለከለው ለምን ነበር? ያ ምክንያት እዚህ አዲስ ነገር ላይ አለ ወይ?" ብለው ነው። ምክንያቱን ዒላ ይሉታል፤ አዲሱን ነገር በቀድሞው መመዘኑን ቂያስ ይሉታል። የወይን ጠጅ ዒላ ማስከሩ ነው። ቡና ያሰክራል? ጥያቄው ይኸው ነው።

የቡና ተቃዋሚዎች ስህተት ታዲያ ከየት መጣ? ከምክንያቱ ይልቅ መልኩን ስላዩ ነው። ቀህዋ የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር። ስሙ ተመሳሰለ፤ ጽዋው ተመሳሰለ፤ ሌሊቱ ተመሳሰለ። ማስከሩን ግን ማንም ረጋ ብሎ አልፈተነም።

የፈተነው ሰው የመጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1530ዎቹ አጋማሽ ካይሮ ውስጥ አንድ ሰባኪ ቡናን አወገዘ። የሰሙት ሰዎች ተነስተው ቡና ቤቶችን ሰባበሩ፣ ጠጪዎችን ደበደቡ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ጉዳዩ የሐነፊ መዝሀብ ቃዲ ዘንድ ቀረበ። ቃዲው ሙሐመድ ኢብን ኢልያስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቡና አስፈሉ። ሰዎች ሰብስበው በፊታቸው አስጠጧቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው ለረጅም ሰዓት እያወሯቸው ተመለከቷቸው። የሚንተባተብ የለ፣ የሚንገዳገድ የለ፣ አእምሮው የተዛባ የለ። ሀላል ነው ብለው ፈረዱ።

ቃዲው ከጥቅሱ አንዲት ፊደል አልነኩም። ሸሪዓን አሻሽላለሁም አላሉም። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ጥያቄ በትክክል ጠየቁ፣ መልሱን ደግሞ በዓይናቸው አዩ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1633 የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ኢስታንቡል ውስጥ ቡና ቤቶችን ዘጋ። ያኔ ግን ስካር የሚለው ክርክር ብዙም አልነበረም። ቡና ቤት ሰው ተሰብስቦ ስለ መንግሥት የሚያወራበት ቦታ ሆኖ ነበር። ሃይማኖትና ሥልጣን ሲደባለቁ "ሀራም" የሚለው ቃል ለምን ሥራ እንደሚውል ከዚህ መማር ይቻላል።

ክርስቲያን ወዳጆቼ ብቻችንን አትስቁብን! እዚሁ አገራችንም ቡና ለረጅም ዘመን "የእስላም መጠጥ" ተብሎ በብዙ ክርስቲያን ቤት የተነቀፈ ነበር። ይህ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ ሲያለዝቡ ነው። እዚህም ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። ስለ ቡናው የተጠየቀው ምን ያደርጋል ተብሎ ሳይሆን ማን ይጠጣዋል ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ።

"ዑለማዎቹ ጨርሰውታል" ላልከው፦ ልጄ፣ ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቡና አትጠጣም ነበር። ይህ ደግሞ የዘመናችን ሰው ያመጣው ፈሊጥ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) በሂጅራ በ18ኛው ዓመት አካባቢ ረሃብ ሲገባ የስርቆት ቅጣቱን ማቆማቸው የታወቀ ነው። አንቀጹን አልሰረዙትም። ተርቦ ቁራሽ ያነሳ ሰው ሕጉ ያሰበው ሌባ አይደለም ብለው ነው የተረዱት። ኢማም ሻፊዒስ? የኛ አገር ሙስሊም ብዙው በመዝሀባቸው ነው የሚሄደው። ኢራቅ ሳሉ የሰጧቸውን ብዙ ብያኔዎች ግብፅ ከሄዱ በኋላ ለውጠዋል። ደረሳ ሁሉ አሮጌውን "ቀዲም"፣ አዲሱን "ጀዲድ" እያለ ለይቶ ይማረዋል። ኢማሙ ራሳቸው ሐሳባቸውን ከለወጡ፣ መለወጥ ክህደት ነው ማለት አይቻልም።

"የድሮው ለድሮ ሰው ነው" ላልከው ደግሞ፦ ቡናን ነፃ ያወጣው የድሮውን የጣለ ሰው አይደለም። የድሮውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቃዲ ነው። ዒላ ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ማስከሩን ለመፈተን እንኳን አያስብም። መካ ላይ ቀድሞ የጮኸው ብዙ ያነበበው አልነበረም፤ ዱላ የያዘው ነበር። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጭንቅላት ይወስን ስትል ካይሮ ላይ ቡና ቤት የሰበሩትም በራሳቸው ጭንቅላት እንደወሰኑ አትርሳ።

ወደተጣላችሁበት ወለድ እንምጣ። ቁርኣን ሪባን መከልከሉ ላይ የሚከራከር ዓሊም የለም። ክርክሩ የባንክ ወለድ ያ ሪባ ነው ወይ የሚለው ላይ ነው። በ1985 ጅዳ ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ አዎ፣ ሪባ ነው ብሎ ወሰነ፤ አብዛኛው ዓሊምም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1989 ግን የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ ሰዪድ ጠንጣዊ አንዳንድ የመንግሥት የቁጠባ ሰነዶች ከዚህ ይለያሉ የሚል ፈትዋ ሰጡ። ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሟቸው። ሁለቱም ወገን የጠየቀው ግን ያንኑ የቡናውን ጥያቄ ነው፦ የተከለከለው ለምንድን ነው? ያ ምክንያት እዚህ አለ ወይ?

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እሱ ደግሞ ከፊታችን ነው ያለው። ለብዙ ዓመት አገራችን ውስጥ ወለድ የሚፈራ ነጋዴ ገንዘቡን ቤቱ ያስቀምጥ፣ ወይም ባንክ አስገብቶ ወለዱን ይተወው ነበር። በ2011 ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። ከ10 ዓመት በኋላ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። እነዚህ ባንኮች ከሚሠሩባቸው ውሎች አንዱ ሙዳረባ ነው፤ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ሙያ ያዋጣል፣ ትርፉን በተስማሙት መሠረት ይካፈላሉ። ይህ ውል የዘመናዊ ባንክ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የጥንት የመካ ነጋዴዎች በግመል ሲነግዱ የሚዋዋሉት ነው። እንግዲህ አሮጌው ውል አዲሱን ችግር ፈታ። ይህ የትኛችሁ ነው? የሁለታችሁም ነው።

እኔ ከታሪኩ የምወስደው ይህን ነው። ጥቅሱ አንድ ነው፤ እኛ ጥቅሱን የምንረዳበት መንገድ ግን ሰው ሠራሽ ነው፣ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ምክንያቱን እንጠይቅ፣ ነገሩን የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ፣ ከተቻለም እንደ ካይሮው ቃዲ ቁጭ ብለን በዓይናችን እንይ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ባንስማማ፣ አራቱ መዝሀቦች በስንቱ ጉዳይ ሳይስማሙ አንዱ ከሌላው ኋላ ሲሰግድ ስንት መቶ ዓመት ኖረዋል?

መካ ላይ ለቡና የተገረፉትን ሰዎች አስቧቸው። በማግስቱ ሀላል ሊባል በሚችል ነገር ነው ጀርባቸው የተላጠው። የተሳሳተ ፈትዋ ይታረማል፤ ዱላው ግን አይመለስም። "ካፊር" የሚለው ቃልም እንደዚያው ነው።

ልጆች፣ ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ። የመጪው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቤቴ ቡና ይፈላል። ሁለታችሁም ኑ። ቀድሞ የተናገረው ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከዚያ ስለ ወለዱ እስከ ሦስተኛው ድረስ ተከራከሩ።

ሌሎቻችሁም ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ስድብ ግን እዚህ ገጽ ላይ ሀራም ነው፤ በዚህኛው ላይ ኺላፍ የለም።