የሞገድ ስንቅ፦ ቡስተር የተገጠመለትን የድሮን ሪሞት ከመግዛት በፊት

የሞገድ ስንቅ (ስም)፦ የሬዲዮ ሞገድ ከላኪው ሲነሣ የያዘው፣ በመንገድ የጨረሰውና ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ የተረፈው ኃይል ሒሳብ። የሬዲዮ መሐንዲሶች "ሊንክ በጀት" የሚሉት ነው።

ድሮን የገዛ ሰው መጀመሪያ በምስሉ ጥራት ይደነቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ርቀቱ ያንሰዋል። ድሮኑ ከዛፍ ጀርባ ሲያልፍ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ስክሪኑ ላይ ሲግናሉ መድከሙን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ አብራሪው ልቡ እየመታ ይመልሰዋል። ገበያው ለዚህ ሰው መልስ አዘጋጅቶለታል። ሽፋኑ ተከፍቶ የአንቴናው ሽቦ ወደ ውጭ የተቀጠለ፣ ከጀርባው አምፕሊፋየር (ቡስተር) የታሰረበት፣ ረዣዥም አንቴና የወጣለት ሪሞት ይሸጥለታል። ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ዋቱ ነው፦ 2 ዋት፣ 4 ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ዋት ብቻውን ግን ለውሳኔ አያበቃም። መታየት ያለበት ስንቁ ነው፤ ያውም የሁለት ሞገዶች ስንቅ፣ ከሪሞቱ ወደ ድሮኑ የሚሄደውና ከድሮኑ ወደ ሪሞቱ የሚመለሰው።

ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። "በጀት" በአማርኛ የኖረ ቃል ስለሆነ እንዳለ መውሰድ ይቻል ነበር። ነገር ግን "የግንኙነት በጀት" ያነበበ ሰው ለአንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ክፍል የተመደበ ገንዘብ ይመስለዋል። "የሲግናል ሒሳብ" ቢባልም ያስኬዳል፤ ሒሳቡ የምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ስንቅ ከቤት ተቋጥሮ ይወጣል፣ በመንገድ ያልቃል፣ መንገዱ በከፋ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ሞገድም እንደዚያው ነው። እንግሊዝኛው "ማርጂን" ለሚለው፣ ማለትም ተቀባዩ ከሚያስፈልገው በላይ ለሚቀረው ኃይል፣ "ትራፊ" እላለሁ። "የመመለሻው ስንቅ አጥሯል"፣ "ትራፊው 10 ዴሲቤል ነው" ብሎ መነጋገር ይቻላል ማለት ነው።

ስንቁ የሚሰፈረው በዴሲቤል ነው። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ 3 ዴሲቤል ይጨምራል፤ አራት እጥፍ ሲሆን 6፣ አሥር እጥፍ ሲሆን 10። መነሻው 1 ሚሊዋት ሆኖ ሲለካ ዲቢኤም ይባላል፦ 100 ሚሊዋት 20 ዲቢኤም፣ 400 ሚሊዋት 26፣ 1 ዋት 30፣ 4 ዋት 36። የመንገዱን ወጪ የምናሰላበትን ቀመር ያስቀመጠው በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው የዴንማርክ ተወላጁ ሃራልድ ፍሪስ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው በ1946 እ.ኤ.አ. ነበር። በቀመሩ መሠረት ብዙ ድሮኖች በሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ምንም በማይጋርደው አየር፣ የመጀመሪያው 1 ኪሎ ሜትር ብቻ 100 ዴሲቤል ይበላል። ይህም ከአሥር ቢሊዮን እጅ አንዱ ብቻ ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሌላ 6 ዴሲቤል ይሄዳል፦ 2 ኪሎ ሜትር ላይ 106፣ 4 ላይ 112፣ 8 ላይ 118። በ5.8 ጊጋኸርዝ ሲሆን ደግሞ በየትኛውም ርቀት 8 ዴሲቤል ያህል ይብሳል።

ስለዚህ ርቀትን እጥፍ ለማድረግ ኃይልን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲጄአይ ሚኒ 2 የተባለው ድሮን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የአሜሪካውን ደንብ ሲከተል እስከ 26 ዲቢኤም፣ የአውሮፓውን ሲከተል እስከ 20 ዲቢኤም ያሰራጫል። አምራቹ ያወጣው የርቀት ጣሪያ በመጀመሪያው 10፣ በሁለተኛው 6 ኪሎ ሜትር ነው። ኃይሉ አራት እጥፍ ሆኖ ርቀቱ እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ ይህም የሚረብሽ ሌላ ሞገድ በሌለበት ገላጣ ቦታ ነው።

እስቲ የአንድ በረራን ስንቅ እንቋጥር። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው የመረጥኳቸው፤ ከእውነተኛ መሣሪያ ግን አይርቁም። ሪሞቱ በአንቴናው በኩል 26 ዲቢኤም ያወጣል። ድሮኑ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለ መንገዱ 112 ይወስዳል፤ የድሮኑ አንቴና 2 ዴሲቤል ይመልሳል። ድሮኑ ጋ የሚደርሰው -84 ዲቢኤም ነው። የድሮኑ ተቀባይ እስከ -95 ድረስ መስማት ከቻለ ትራፊው 11 ዴሲቤል ሆነ። ደህና ነው።

መመለሻው ግን ሌላ ነው። ድሮኑም በ26 ይልካል፣ መንገዱም ያው 112 ነው፣ የሪሞቱ አንቴናም 2 ይመልሳል፤ የሚደርሰው እንደገና -84 ነው። ልዩነቱ በሚጫነው ነገር ላይ ነው። ወደ ላይ የሚሄደው ጥቂት ትእዛዝ ነው፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ውረድ፣ ቁም። ወደ ታች የሚመጣው ግን ቪዲዮ ነው፤ ያንን ሁሉ መረጃ ለመሸከም ሰፊ ቻናል ይፈልጋል። ሰፊ ቻናል ብዙ የሬዲዮ ጫጫታ ስለሚያስገባ ተቀባዩ የሚጠይቀው ኃይል ከፍ ይላል። -88 ነው ብንል ትራፊው 4 ዴሲቤል ብቻ ነው። ቅጠሉ የበዛ አንድ ዛፍ ይጨርሰዋል።

አሁን ቡስተሩን እንግጠም። ሪሞቱ በአንዴ ወደ 36 ዲቢኤም ወጣ፤ የመሄጃው ትራፊ ከ11 ወደ 21 አደገ። የመመለሻው ትራፊስ? ድሮኑ ላይ ማንም ምንም አልጨመረም። ያው 4 ነው። ቀድሞ የሚቆረጠው ምስሉ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ የወጣው ላልተቸገረው ወገን ነው።

ጉዳቱ በገንዘቡ ብቻ አያበቃም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም የቀረው ነው። ብዙ ድሮኖች በራሳቸው ወደ ተነሡበት የሚመለሱት የሪሞቱ ሲግናል ሲቋረጥባቸው ነው። መሄጃውና መመለሻው በተቀራረበ ርቀት ላይ ሲደክሙ ይህ ጥበቃ በጊዜው ይሠራል፦ ምስሉ ይጠፋል፣ ብዙም ሳይርቅ ትእዛዙም ይቋረጣል፣ ድሮኑ ዞሮ ይመጣል። ቡስተር ሲገባ ግን በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ምስሉ ጠፍቷል፤ ድሮኑ ግን የሪሞቱን ድምፅ ጥርት አድርጎ ስለሚሰማ የተቋረጠ ነገር ያለ አይመስለውም። አብራሪው ጣቱን ከመቆጣጠሪያው ካላነሣ ድሮኑ እየታዘዘ መሄዱን ይቀጥላል፣ ማንም የት እንዳለ ሳያየው። አንዳንድ ሞዴሎች ምስል ሲጠፋ "ልመለስ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹን አብራሪው ራሱ የመመለሻውን ቁልፍ ተጭኖ ማዘዝ አለበት። በዚያ ሰዓት የሚደነግጥ ሰው ሁሉ ትክክለኛውን ቁልፍ አይጫንም።

ሻጮች ለዚህም መልስ አላቸው፦ "የኛ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል" ይላሉ። እውነት ነው፣ የሚመጣውንም ሲግናል የሚያጎሉ አሉ። ችግሩ፣ ማጉያው ሲግናሉን ሲያጎላ አብሮት የመጣውን ጫጫታም በዚያው ልክ ያጎላል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ፋብሪካው በውስጥ የገጠመው ተቀባይ ደህና ከሆነ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። አንቴና ግን ከዚህ ይለያል። የተሻለ አንቴና ሲልክም ሲቀበልም በእኩል ይጠቅማል። በምሳሌያችን የሪሞቱን ባለ 2 ዴሲቤል አንቴና በባለ 8 ብንተካው የመሄጃው ትራፊ 17፣ የመመለሻው 10 ይሆናል። ያለ አንዳች ተጨማሪ ዋት ቪዲዮው ራሱ ዳነ። ዋጋው፣ አንቴናው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያይ ድሮኑን እየተከተሉ ማዞር ማስፈለጉ ነው።

ሕጉ ግን አንቴናንም ይቆጥራል። አውሮፓ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ የተቀመጠው 20 ዲቢኤም፣ ማለትም 100 ሚሊዋት፣ የአንቴናው ድርሻ ተደምሮ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ ያለ ግለሰብ ፈቃድ የሚሠሩ መሣሪያዎችን የሚያጸድቀው ከአንቴናቸው ጋር አንድ ላይ ነው፤ ሪሞቱ ተፈትቶ ሲቀየር ያ ማጽደቂያ ይቀርለታል፣ ባለቤቱም መሣሪያውን የመጠቀም መብቱን ሊያጣ ይችላል። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያለው ሰው ሰፋ ያለ መብት አለው፤ ነገር ግን በዚያ ፈቃድ ለገንዘብ መሥራት ክልክል ስለሆነ ሠርግና ቤት እየቀረጸ የሚኖር ባለሙያን አያድነውም። ኮሚሽኑ ዛቻ ብቻ አይደለም የሚያሰማው። በ2018 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ያላገኙ የድሮን ቪዲዮ ማሠራጫዎችን በመሸጡ ሆቢኪንግ በተባለ ድርጅት ላይ ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የቅጣት ሐሳብ አቅርቦ በ2020 አጽንቶታል።

ከኃይሉ ሕግ ይልቅ ነገሩን የሚቆርጠው ግን የበረራው ሕግ ነው። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ተራው አብራሪ ድሮኑን በዓይኑ እያየ እንዲያበር ያስገድዳሉ። ሚኒ 2ን የሚያክል ድሮን 1 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከዓይን ይሰወራል። በምሳሌያችን 1 ኪሎ ሜትር ላይ የመሄጃው ትራፊ 23፣ የመመለሻው 16 ዴሲቤል ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ እያንዳንዱ 6 ይጨምራል። በሕጋዊው ርቀት ውስጥ ስንቁ ሞልቶ የተረፈ ነው ማለት ነው። እዚያ ምስሉ የሚቆራረጥበት ሰው ያጠረው ዋት አይደለም፣ ስንቁን የሚበላበት ሌላ ነገር አለ።

ብዙ ጊዜ የሚበላው ደግሞ እጁ ላይ ነው። የሪሞቱን አንቴና ጫፍ ወደ ድሮኑ መቀሰር በጣም የተለመደ ነው፤ ልክ ግን አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ አንቴና በጫፉ በኩል የሚያወጣው ኃይል ከሁሉ ያነሰ ነው፤ የሚያበራው በጎኑ ነው። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ድሮኑ እንዲያይ አንቴናውን አቁሞ መያዝ ብቻ ብዙ ዴሲቤል ያስመልሳል። ለድሮኑ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመም ሰው ሞገዱን በገዛ አካሉ ይጋርዳል። መሬቱም ድርሻ አለው፦ ሞገዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በ2.4 ጊጋኸርዝ በ1 ኪሎ ሜትር መንገድ መካከል ዙሪያውን 5.6 ሜትር ያህል ክፍት አየር ይፈልጋል። ጣሪያ ወይም የዛፍ ጫፍ ታክኮ የሚያልፍ መስመር "ይተያያል" ቢባልም ስንቁን ያስበላል። ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥቶ መቆም ከቡስተር የሚበልጥባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በከተማ ደግሞ የዋይፋዩ ጫጫታ አለ፤ እዚያ ሁሉም ቡስተር ቢገጥም የሁሉም ጫጫታ እኩል ያድጋል፣ አንዱ ካንዱ ሳይሻል።

ስለዚህ ለሥራም ለመዝናኛም ለሚያበር ሰው የእኔ ምክር አይግዛ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ሠርግ የሚቀርጹ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ የሚያስቡት አላቸው፦ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማንሣት ክልክል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መግባት የሚያስብም፣ ድሮን ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት አገር መሆኑን ይወቅ፤ የተፈታ ሪሞት ጉዳዩን ያከብድበታል እንጂ አያቀልለትም።

ከዓይን እይታ ወዲያ ማብረር የግድ የሆነባቸው አሉ፦ የጠፋ ሰው የሚፈልጉ፣ ረጅም የኤሌክትሪክ መስመር የሚመረምሩ። እነዚህ ልዩ የበረራ ፈቃድ ያወጣሉ፣ መሣሪያቸውም ላኪና ተቀባዩ አብሮ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ሲግናሉን በሞባይል ኔትወርክ በኩል ስለሚያሳልፍ ርቀቱ በሪሞቱ ጉልበት አይወሰንም። እነሱም ቢሆኑ ከመነሣታቸው በፊት የሁለቱንም አቅጣጫ ስንቅ ያሰላሉ፤ መመለሻ ርቀታቸውንም የሚወስኑት ትራፊው ባነሰው አቅጣጫ ነው።