ቀለበት ፈላጊው መሣሪያ ከየት መጣ?

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ፣ ሜዳ ላይ ኳስ ስትጫወቱ የወርቅ ቀለበት ከጣታችሁ ወልቆ ሣር ውስጥ ገባ እንበል። «ዲቴክተር በኖረ!» ትሉ ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ባለው የሽቦ ጥቅል ተለዋዋጭ ጅረት ሲያልፍ ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል፤ መስኩ ቀለበቱ ውስጥ ትንንሽ ጅረቶችን ያስነሳል፤ የእነሱ መስክ ተመልሶ ሲመጣ መሣሪያው ይጮኻል።

የዚህ ዘዴ የጥንቱ ዝነኛ ፍለጋ ግን የቀለበት ሳይሆን የጥይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሲመቱ፣ የስልኩ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን የሚፈልግ መሣሪያ ይዞ መጣ። አልሆነም! ሐኪሙ የፈቀደለት ቀኝ ጎናቸውን እንዲፈትሽ ብቻ ነው፤ ጥይቱ ከሞቱ በኋላ በግራ በኩል ተገኘ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ አንድ ሰው ይዞት የሚሄድ ፈንጂ ጠቋሚ ሠራ። በ1942 ኤል አላሜይን በረሃ ላይ 500 ያህሉ ተሰማሩ። ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት ለሲቪሎች ተሸጡ፤ የጠፋ ጌጥ ፍለጋም በዚያው ተስፋፋ።

እኛ ጋ ይህ ታሪክ ገና አላለፈም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ትግራይ ውስጥ ያልፈነዱ ተተኳሾችን ትቷል። መሣሪያው ደግሞ ስም አይጠራም፤ የወርቅ ቀለበት፣ የአሉሚኒየም ቁራጭና የጥይት ቀለህ ድምፃቸው ሊቀራረብ ይችላል። ትናንት የወደቀ ቀለበት ሣሩ ላይ እንጂ አፈር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሜዳውን በገመድ ከፋፍላችሁ በዓይን ፈልጉ። ድምፁ ከአፈር ሥር ከመጣ ቀለበታችሁ አይደለም፤ አትቆፍሩት፣ ለፖሊስ ንገሩ።