የአሮጌ አደን ጠመንጃ ማንነት እንዴት ይታወቃል? የማነጣጠሪያ መነጽሩስ ምን ዋጋ አለው?

ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ አሮጌ ጠመንጃ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ይገኛል። አብዛኛው የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው። አልፎ አልፎ ግን ለአደን ተብሎ የተሠራ፣ በላዩም አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር የተገጠመለት ያጋጥማል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ማን፣ የትና መቼ ሠራው? የሚጎርሰውስ የትኛውን ጥይት ነው? ጥያቄው የታሪክ ጉጉት ብቻ አይደለም፤ በስህተት የተሰጠ መልስ ተኳሹን ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ስሙ ብቻውን አይበቃም

በኢትዮጵያ የቆዩ ጠመንጃዎች የሚጠሩባቸው ስሞች አብዛኛውን ጊዜ የመጡበትን አገር ወይም የፈጠራቸውን ሰው ያስታውሳሉ። ውጅግራ እ.ኤ.አ በ1874 በፈረንሳይ ሥራ ላይ የዋለው፣ አንድ በአንድ የሚጎርሰው ባለ 11 ሚሊ ሜትር የግራ ጠመንጃ ነው። ቤልጅግ ደግሞ ቤልጂየም ሠራሽ መሆኑን ይናገራል። እነዚህ ስሞች የመሣሪያውን ዘር ቢጠቁሙም የጥይቱን ልክ አይናገሩም።

ከአውሮፓ በመጡ የቆዩ የአደን ጠመንጃዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ማውዘር የሚባለው ዓይነት ነው። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር በኦበርንዶርፍ ከተማ ያዳበረውና እ.ኤ.አ በ1898 የጀርመን ጦር የተቀበለው አሠራር ጠንካራና አስተማማኝ ስለነበር የጀርመን፣ የቤልጂየም፣ የኦስትሪያና የእንግሊዝ አንጥረኞች የአደን ጠመንጃ ሠሩበት። ስለዚህ ማውዘር የሚለው ቃል በዋናነት የአሠራሩ መጠሪያ እንጂ የጥይቱ መጠሪያ አይደለም። መልካቸው አንድ የሚመስል ሁለት ማውዘሮች ፈጽሞ የተለያየ ጥይት ሊጎርሱ ይችላሉ።

የዚህ አሠራር መለያዎች በዓይን ይታያሉ። በእጅ ተስቦ በሚከፈተው መዝጊያ ቀኝ ጎን፣ ቀለሁን ይዞ የሚያወጣ ረጅም የብረት ጥፍር ተጋድሟል። ከመዝጊያው ጀርባ ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ የሚገለበጥ የመቆለፊያ ክንፍ አለ። አምስት ጥይት የሚይዘው ካዝናም በእንጨቱ ውስጥ የተሸሸገ ነው።

መጀመሪያ ባዶነቱን ማረጋገጥ

ማናቸውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ጠመንጃው ጎርሷል ተብሎ መገመት አለበት። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ጣት ከምላጩ ይርቃል፤ መዝጊያው ተከፍቶ ካዝናውም የጥይት መጉረሻውም በዓይንና በጣት ይፈተሻሉ። ለብዙ ዘመን ያልተነካ መሣሪያ ውስጥ የተረሳ ጥይት መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። መዝጊያው በዝገት ከተያዘ በመዶሻ ለማስለቀቅ መሞከር አይገባም፤ ሥራው ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው።

የአደን ነው ወይስ የጦር?

ብዙ ጊዜ የአደን ጠመንጃ የሚባለው፣ እንጨቱ ተቆርጦ የቀለለ የጦር መሣሪያ ሆኖ ይገኛል። ለጦር የተሠራው ማውዘር አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው በእርከን እየቀጠነ ይሄዳል፤ የመንግሥት አርማም ይቀረጽበታል። ለአደን የተሠራው ቱቦ ያለ እርከን ለስልሶ ይቀጥናል። ሰደፉ ላይ ለጉንጭ ማሳረፊያ የሚሆን ጉብታ፣ በብረቱም ላይ የቅጠል ወይም የእንስሳ ቅርጽ ሊኖረው ይችላል።

ሌላው ምልክት ሁለት ምላጭ ነው። የኋለኛው ሲሳብ የፊተኛውን በቀላል ንክኪ እንዲተኩስ ያዘጋጀዋል። ለአዳኝ የሚመች ቢሆንም ለማያውቀው አደገኛ በመሆኑ፣ ሁለት ምላጭ ያለውን መሣሪያ በግምት መነካካት አይገባም።

ብረቱ የሚናገረው

የጠመንጃ የልደት ወረቀቱ ብረቱ ራሱ ነው። በአውሮፓ የተሠሩ አብዛኞቹ ጠመንጃዎች ከመሸጣቸው በፊት በመንግሥት መፈተሻ ቤት በኃይለኛ ጥይት ተፈትነው ማኅተም ይመታባቸዋል። በጀርመን እ.ኤ.አ ከ1893 ጀምሮ በዘውድ ሥር ቢ፣ ዩ እና ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ይመቱ ነበር፤ ጂ የሚለው ቱቦው ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው መሆኑን ያመለክታል። እ.ኤ.አ ከ1940 ወዲህ ዘውዱ በንስር ተተካ። በቤልጂየም የሊዬዥ ከተማ መፈተሻ ቤት በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ ይመታል።

በብዙ የጀርመን ቱቦዎች ላይ የፈተናው ወርና ዓመትም ይገኛል። ለምሳሌ 4.27 የሚል ቁጥር እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1927 መፈተኑን ይናገራል። እነዚህ ማኅተሞች አብዛኛውን ጊዜ በእንጨቱ የተሸፈነው የቱቦው የታችኛው ክፍል ላይ ስለሚሆኑ፣ እንጨቱን ማውረድ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የመለያ ቁጥሩም በአንድ ቦታ ብቻ መታየት የለበትም። በመዝጊያው ላይ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው አካል ቁጥር ጋር ካልተመሳሰለ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ዋጋውን ከመቀነሱም በላይ፣ መዝጊያው ጥይቱን በልኩ ደግፎ ላይዘው ስለሚችል ቀለሁ በመጉረሻው ውስጥ እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል።

ከፀጉር ብዙ የማይሰፋው አደገኛ ልዩነት

በቆዩ ማውዘሮች ዘንድ ትልቁ አደጋ 8 በ57 በሚባለው ጥይት ላይ ነው። ይህ ጥይት ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ በ1888 የወጣው የመጀመሪያው አረሩ 8.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የጀርመን ጦር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቀበለው ሁለተኛው ግን 8.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው አይ ወይም ጄ፣ ሁለተኛው አይ ኤስ ወይም ጄ ኤስ በሚሉ ፊደላት ይለያል።

ልዩነቱ 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀለሁ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰፊው ጥይት በጠባቡ ጠመንጃ ውስጥ ሊጎርስ ይችላል። ሲተኮስ ግን አረሩ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ተጨንቆ ስለሚያልፍ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይንራል። ጦሩ ወደ አዲሱ ልክ ከዞረ በኋላም አንዳንድ የአደን ጠመንጃ ሠሪዎች ለዓመታት በአሮጌው ልክ መሥራታቸውን ስለቀጠሉ፣ የተሠራበት ዘመን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በቱቦው ላይ የሚገኝ 7.8 ወይም 7.9 የሚል ቁጥርም የቱቦውን ውስጣዊ ስፋት እንጂ የአረሩን ልክ አያመለክትም። እርግጠኛው መንገድ ባለሙያ ለስላሳ እርሳስ በቱቦው ውስጥ አሳልፎ የቦዩን ስፋት በትክክለኛ መለኪያ መለካቱ ነው።

አንድ ጥይት ሁለት ስም ሊኖረውም ይችላል። በአውሮፓ 7 በ57 ማውዘር የሚባለውን እንግሊዛዊው ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ 275 ብሎ ሸጦታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ዝሆን ያድን የነበረው፣ ካራሞጆ ቤል በሚል ስም የታወቀው አዳኝ ዝናውን ያገኘው ይህን ጥይት በሚጎርስ ማውዘር ነበር። የቁጥሩ መለያየት ሁለት የተለያየ ጥይት መሆኑን፣ የቁጥሩ መቀራረብም አንድ መሆኑን አያረጋግጥም።

የማነጣጠሪያ መነጽሩ ሲመረመር

መነጽሩ ከጠመንጃው ተለይቶ የሚታይ የራሱ ታሪክና ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። በቱቦው ላይ የሠሪው ስም፣ የማጉላት መጠኑና የመለያ ቁጥሩ ይፈለጋል። ከቆዩት ሠሪዎች መካከል የጀርመኖቹ ዘይስ እና ሄንሶልት፣ የኦስትሪያው ካሌስ ይጠቀሳሉ።

ቀጥሎ መስተዋቱ ይታያል። መነጽሩ ከጠመንጃው ከወረደ በኋላ ብርሃን ወዳለበት ነጭ ግድግዳ ይመለከቱበታል፤ ወደ ፀሐይ መመልከት ግን ዓይንን ያጠፋል። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ሻጋታ ነው። ከመስተዋቱ ዳር የሚጀምር ቢጫ ወይም ቀስተ ደመና መሰል ቀለም፣ ሁለት መስተዋቶችን ያጣበቀው ሙጫ መልቀቁን ያሳያል። ጉም የመሰለ ብዥታ እርጥበት መግባቱን ይናገራል። ጥቂት የአቧራ ነጠብጣብ ግን ዕይታን ብዙም አይጎዳም።

ዘመኑን ለመገመት የመስተዋቱ ነጸብራቅ ይረዳል። አሌክሳንደር ስማኩላ በዘይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1935 ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ሽፋን ፈጠረ። ሽፋን የሌለው መስተዋት ነጭ ነጸብራቅ ሲሰጥ፣ ቀደምቶቹ ሽፋኖች ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ያደላሉ። ሽፋን የሌለው እያንዳንዱ የመስተዋት ገጽ ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ስለዚህ 10 ገጽ ያለው መነጽር ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል፤ በወገግታና በማታም ድክመቱ ይገለጣል።

በውስጡ የሚታየው የማነጣጠሪያ ምልክት ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ቢል ወዲያው ተበላሽቷል አይባልም። በብዙ የቆዩ መነጽሮች ማስተካከያው ሲዞር ምልክቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ወደ ግራና ቀኝ ማስተካከያም አብዛኛውን ጊዜ በመነጽሩ ሳይሆን በመያዣው ላይ ነው። ምልክቱ የተበጠሰ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ግን መነጽሩ ለተኩስ አይውልም።

መያዣው ራሱ ዋጋ አለው። የጀርመንና የኦስትሪያ አንጥረኞች ጥፍር መሰል መያዣውን ለእያንዳንዱ ጠመንጃ በእጅ ሞርደው ስለሚያስማሙት ወደ ሌላ ጠመንጃ እንዲሁ አይዛወርም። በመያዣው ላይ የጠመንጃው ቁጥር ከተገኘ ሁለቱ አብረው መኖራቸውን ያመለክታል፤ አንድ ላይም ሆነው ከተነጣጠሉ ይልቅ ተፈላጊ ናቸው።

ዋጋ የሚያሳጡ ስህተቶች

በመልካም ሐሳብ የሚደረግ ጽዳት ብዙ ጊዜ የዕቃውን ዋጋ ያጠፋል። ብረቱን በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ማኅተሙን ያደበዝዛል፤ ጥቁር ቀለሙንም ይልጣል። እንጨቱን ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት የቀድሞ መልኩን ያሳጣል። የመነጽሩን ብሎኖች መፍታትም አይመከርም። በስስ የመሣሪያ ዘይት የራሰ ጨርቅ ለብረቱ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ለመስተዋቱ ይበቃል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማኖር እርጥበትን ይዞ ብረቱን ስለሚያዝገው፣ ደረቅና የተቆለፈ ሥፍራ ይሻላል።

ሕጉም አብሮ ይታያል

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ይዞታ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው። መሣሪያው ማርጀቱ ወይም ከአባት መወረሱ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው ብሎ ለመገመት አያበቃም። በመሆኑም መሣሪያውን ለማስመርመር ይዞ ከመንቀሳቀስ፣ ለሌላ ሰው ከማስተላለፍ ወይም ከማስጠገን በፊት በአካባቢው የሚገኘውን ፖሊስ ማማከር ይገባል። የዱር እንስሳት አደንም በራሱ ሕግና ፈቃድ የሚመራ ሌላ ጉዳይ ነው። ታሪካዊ ዋጋ ያለው ሆኖ ከተገኘም፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል ማወቅ ያሻል።

የጠመንጃው ማኅተም፣ የመለያ ቁጥሩና የመነጽሩ ጽሑፍ ጥርት ባለ ፎቶግራፍ ተነሥተው በቤተሰቡ ሰነድ ውስጥ ቢቀመጡ ለምርመራም ለታሪክም ይጠቅማሉ። ማን እንደያዘውና እንዴት ወደ ቤተሰቡ እንደመጣ ሽማግሌዎች የሚያውቁትም አብሮ ቢጻፍ መልካም ነው። የቱቦው ልክ በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ለአሮጌ ጠመንጃ የሚስማማ ጥይት የለም።